ሹምባሹ የታጠነ ዕለት

ጉንፋን ሲይዘኝ የልጅ ልጆቼ ውሃ አፍልተው፣ ቅጠል ጥለውበት፣ ፎጣ ይዘው ይመጣሉ። «እማማ፣ ተሸፍነሽ ታጠኚ፤ አፍንጫሽ ይከፈትልሻል» ይሉኛል። እኔም ጎረቤት እስኪሰማ እጮህባቸዋለሁ። ነጭናጫ አሮጊት ይሉኛል፤ ይበሉኛ። ሌላ ሰው ሲታመም ግን ቅጠሉን ለቅሜ፣ አፍልቼ፣ ሸፍኜ የማጥነው እኔው ነኝ። ስንቱን ሕፃን፣ ስንቱን ቄስ አጥኛለሁ። የራሴን ራስ ነው ከሽፋን ስር የማላስገባው። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ልናገረው።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነበርን። እኔ ባሌን ጥዬ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። በዱላ መታኝ፣ ክንዱን ነከስኩት፣ ወጣሁ፤ ሌላ ታሪክ የለውም። አባቴ ያን ጊዜ በሕይወት የለም። ባንዶች መጥተው ጠመንጃ አምጣ አሉት፤ የለኝም ቢላቸው ከገዛ አውድማው ላይ አቁመው ተኮሱበት። ሬሳውን እንዳናነሳም ከለከሉን። እናቴ ግን በሰደፍ ጀርባዋን እየቀጠቀጧት፣ ብብቱን ይዛ ጎትታ ቤት አስገባችው። እንባ የሚባል አላየሁባትም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ያን ትከሻ ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርር ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የአባታችን አርባ በወጣ ማግስት አርበኞቹን ተከትሎ ዱር ገባ። ለእናቴ የቀራት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ከእኛ በፊት የወለደቻቸውን ልጆች በኅዳር በሽታ ጊዜ ቀብራቸዋለች። ያ ክፉ ጉንፋን መንደሩን ሲጨርስ ልጆቿን አጥናቸው፣ አልቧቸው፣ ሊድኑልኝ ነው ስትል ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ ተባለ። በላባቸው ነፋስ ላይ አወጣቻቸውና ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ለእናቴ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ጠላት ነፋስ ነው። ጣሊያን እንኳ ከነፋስ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሰው ስታጥን ሕግ ነበራት። ሸፍና ያጠነችውን ሰው ላቡ እስኪደርቅ ንጉሥ ቢጠራው አታስነሳውም። በር ይዘጋል። ሽፋኑን የሸፈነው ሰው ራሱ ካልሆነ ማንም አይገልጠውም፤ የወጣው በሽታ በገለጠው ሰው ላይ ይሰፍራል። ይህን የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም፤ አገሩ ሁሉ ይለዋል። ሰው እየታጠነ ነው ከተባለ የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ወንድሜ የመጣው ውርጭ በሚወድቅበት ወር፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ነው። በዚያ ሰሞን ጉንፋን አገር ምድሩን ይዞታል፤ ሰውም ባንዳም ያነጥሳል። ወንድሜን ግን ክፉኛ ነው የያዘው። ዓይኑ አብጧል፣ አፍንጫው ተደፍኗል፣ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ሲስል ጎኑን ይዞ እንደ ሽማግሌ ይጎብጣል። ጠመንጃ አልያዘም። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው።

«ጠመንጃህስ?»

እሳቱ ዳር ተቀመጠ። «መንገድ ላይ አድፍጠን ነበር» አለ። «የጣሊያንን ስንቅ የጫኑት በቅሎዎች ሲደርሱልን ልንተኩስ። ሳሌ መጣ። አፌን አፈር ሞላሁት፤ አልያዝ አለኝ። መትረየሱን ወደ እኛ አዞሩት።»

«ማን ሞተ?» አልኩት።

የጋቢውን ጫፍ ዘርግቶ አሳየኝ። አጠገቡ ተኝቶ የነበረው ጓደኛው ራሱን ተመቶ አንጎሉ እዚያ ላይ ፈሶ ደርቋል። እንዳይታጠብ ብሎ ነው ይዞት የዞረው።

«አለቃችን ጠመንጃዬን ነጥቆ ለሌላ ሰው ሰጠ። ሂድ፣ ደረትህን አስከፍተህ ና፤ እያሳልክ ከመጣህብኝ ግን እኔው ራሴ እደፋሃለሁ አለኝ። እውነቱን ነው።» ይህን ብሎ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። አባታችን ሲሞት እንኳ አላለቀሰም።

እናቴ እግሬን እሾህ ወጋኝ ያላት ያህል ነው የመለሰችለት። «ለዚህ ነው የምታለቅስ? ዛሬ አወጣልሃለሁ፤ ነገ ትመለሳለህ» አለችው። ወደ እኔ ዞረችና «ምን ያስቆምሻል፣ ጦስኝ ልቀሚ» አለችኝ።

ጦስኙን ከገደሉ ጫፍ ለቅሜ መጣሁ። እናቴ ትልቁን የሸክላ ድስት ጥዳ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ የጽድ ቅጠል ጨምራበት ቆየችኝ። ማገዶ በኛ አገር ብርቅ ነው፤ የምናነደው ኩበት ነው። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ቶሎ እንዳይበርድ ከፍሙ ውስጥ የጋለ ጠጠር እያወጣን እንጨምርበታለን። ጠጠሩ ሲገባ ውሃው ይንተከተክና እንፋሎቱ እንደገና ይነሳል። ወንድሜ ልብሱን አውልቆ፣ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ቁጢጥ አለ። እናቴ በስመ አብ ብላ በሱፍ ብርድ ልብሷ፣ በዝተቱ፣ ከራሱ እስከ መሬት ሸፈነችው። ያ ዝተት ከባድ ነው፤ ነፋስ ቀርቶ ጥይት የሚያልፈው አይመስልም።

የሚታጠን ሰው ዝም አይልም። ያቃስታል፣ ተቃጠልኩ ይላል፣ ልውጣ ይላል። አጣኙ ደግሞ «ሳብ፣ በአፍንጫህ ሳብ» እያለ ይይዘዋል። እኛም እንደዚያ ነበርን። እሱ «እማዬ ዓይኔ ጠፋ» ሲል፣ እሷ «አይጠፋም፣ ሳብ» ስትል፣ እኔ ጠጠር ሳቀብል፣ ለአፍታ የሰላም ጊዜ መስሎኝ ሳቅኩ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ ሮጣ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ሹምባሹ ባንዶቹን ይዞ ዳገቱን እየወጣ ነው። ቤት ለቤት እየበረበሩ ነው። ልጅሽን አሽሺው» አለችና ወደ ቤቷ ሮጠች።

ጊዜ ነበረን። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ ጊዜ ነበረን። ከቤታችን ጀርባ ገደሉ ነው፤ ገደሉ ውስጥ እኛ እንጂ ባንዳ የማያውቀው ዋሻ አለ። ወንድሜ ዝተቱን ገፍቶ ሊነሳ ሲል እናቴ በሁለት እጇ ራሱን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው።

«በላብህ አትወጣም።»

«እማዬ፣ አበድሽ? ይገድሉታል» አልኳት።

«ነፋሱም ይገድለዋል» አለች። «እነዚያን ማታለል ይቻላል። ነፋስን ማን አታልሎ ያውቃል?»

እጇን ይዤ ጎተትኳት። በክርኗ ደረቴን ብላ መሬት ላይ ጣለችኝ። ከዚያ መደቡ ላይ፣ ከወንድሜ ጀርባ ተቀመጠች፤ ድስቱንና እሱን በእግሮቿ መሀል አደረገች፤ ዝተቱን ከአንገቷ ጀምራ በሁሉም ላይ ዘረጋችው። ከውጭ የሚታየው የሷ ፊት ብቻ ሆነ። ወዛም፣ ቀይ፣ የታመመች ባልቴት። «እኔ ነኝ የምታጠነው» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ብትስል ሦስታችንም አለቅን» አለችው። ከዝተቱ ስር ድምፅ አልመጣም። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያን ነገሯን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባንዶቹ ደርሰው ነበር። ውሻችን ሲጮህ ሰማሁት፤ ከዚያ በሳንጃ ሲወጉት ጩኸቱ ተቀየረ፤ ከዚያ ዝም አለ። በሩን በእርግጫ ከፍተው ገቡ። ባንዶቹ እንደኛው የአገር ልጆች ናቸው፤ ጋቢ ላይ ዝናር የታጠቁ። ጎታውን በሳንጃ ወጉት፤ ገብሱ እየተንፎለፎለ መሬት ላይ ፈሰሰ። የጠላውን ጋን በሰደፍ ሰበሩ። ጋጣ ያሉትን በጎች እያወጡ ወደ ደጅ ነዷቸው። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ዓይኔ ከዝተቱ ላይ እንዳያርፍ እታገላለሁ።

ሹምባሹ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሹምባሽ ማለት የባንዶቹ አለቃ ነው፤ ጣሊያን ያስታጠቀው፣ የሾመው። ረጅም ሰው ነው፤ ወፍራም ካፖርት ለብሶ አለንጋ ይዟል። ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም፤ የብርድ አገር ሰው ግን አይደለም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አፍንጫው ቀልቷል፣ ንፍጡ ጢሙ ላይ ደርቋል። ጉንፋን እንኳ ለአርበኞች አድልቶ ባንዳን ይወጋልናል ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም።

«ወንድምሽ የታለ?» አለኝ፤ ድምጹ በተደፈነ አፍንጫ ነው የሚወጣው።

«ወንድም የለኝም።»

በአለንጋው ፊቴን አለኝ። ዓይኔ ስር ያለው ጠባሳ ያ ነው። «የታለ?»

«ሞቷል።»

«ቅድም የለኝም አልሽ፤ አሁን ሞቷል ትያለሽ?»

«ታዲያ የሞተ ሰው አለ ይባላል?» አልኩት። ምን ላድርግ፤ አፌ ከኔ ቀድሞ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ወዲያ የመታኝን አልቆጠርኩትም። መሬት ላይ ጥሎ በጫማው ጎኔን ረገጠኝ፣ በአለንጋው ጀርባዬን ቀደደው፣ ሹሩባዬን ይዞ ራሴን ከምሰሶው ጋር አጋጨኝ። አንድ የጎን አጥንቴ ሲሰበር ድምጹን ሰምቼዋለሁ። ግን እመኑኝ፣ በዚያ ሁሉ መሀል የማዳምጠው ዱላውን አልነበረም። ከዝተቱ ስር ሳል ይወጣ እንደሆነ ነበር የማዳምጠው። ወንድሜ የኔን ጩኸት ይሰማል። ባዶ እጁን ነው፤ ቢወጣ ይሞታል። ዝተቱ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለ፤ እናቴ ጉልበቶቿን ስትገጥም አየሁ። አንገቱን ጨምድዳ ይዛዋለች። ፊቷ ላይ ግን ዓይኗን ጨፍና «ወይኔ ተቃጠልኩ፣ ወይኔ ራሴን» እያለች ታቃስታለች።

አንዱ ባንዳ ሳንጃውን ይዞ ወደሷ ተጠጋና የዝተቱን ጫፍ ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ሌላው ባንዳ ግን ክንዱን ያዘው። «ተው፣ እየታጠነች እኮ ነው» አለው። «በሽታዋ ባንተ ላይ ይስፈር?» ያኛውም እጁን መለሰና በልብሱ ጠረገ። ሳይነካት።

ሹምባሹ ሊመታኝ አለንጋውን እንዳነሳ አነጠሰው። ደግሞ አነጠሰው። ደግሞ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አለንጋውን ጣለና አፍንጫውን በካፖርቱ እጅጌ ያዘ። ቀና ሲል ድስቱ ያለበትን አቅጣጫ አየ። ከዝተቱ ግርጌ ትንሽ እንፋሎት ይወጣ ነበር።

«ምንድን ነው የምትታጠኚው?» አላት።

«ጦስኝ ነው ጌታዬ። ነጭ ሽንኩርትና ጽድ አለበት።»

«ለጉንፋን ይሆናል?»

አይሆንም በይ ብዬ በልቤ ጮህኩ። የሴት በሽታ ነው በይ፣ ቂጥኝ ነው በይ፣ የፈለግሽውን በይ። እናቴ ግን መድኃኒቷን የሚጠራጠር ሰው አይሆንላትም። በዕድሜዋ ሙሉ ያመነችው እሱን ነው።

«ለጉንፋን ከዚህ ሌላ ምን አለ!» አለችው።

ሹምባሹ ሳቀ። «እንግዲያው እኔም ካንቺ ጋር ልግባ» አለ። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። «ኧረ ጌታዬ፣ የኔ በሽታ ይጋባብዎታል፤ ልጨርስና ሌላ አፍልቼ አጥንዎታለሁ» አለችው። «ከዚህ የባሰ ምን ይጋባብኛል? ሌሊቱን እንቅልፍ አልተኛሁም፤ እስትንፋሴ ሊቆም ነው» አላት። ሲናገር የታመመ ሰው ድምፅ ነበረው። እኔን አንድ አጥንት ሰብሮ፣ ወዲያው እንደ ልጅ ለጉንፋኑ ሲያዝን ማየቴ ከዱላው ይበልጥ አናደደኝ።

ወደ ባንዶቹ ዞረ። «በሩን ዝጉት፣ ነፋስ እንዳይገባ። አንድ በግ እረዱና ጉበቱን ጥበሱልኝ። እኔ ራሴ ካልወጣሁ ማንም እንዳይከፍት» አላቸው። እነሱም እየሳቁ ወጡና በሩን ዘጉ። ይህን ትእዛዝ የሰጠው እሱ ራሱ ነው። እኛ አላልነውም።

ካፖርቱን አውልቆ መደቡ ላይ ጣለ። ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ አስደገፈ። ከድስቱ ወዲያ በጉልበቱ ተንበረከከና የዝተቱን ጫፍ አንስቶ ራሱን አስገባ። ትከሻው ገባ። እስከ ወገቡ ገባ። አንድ እስትንፋስ ያህል ምንም አልሆነም። ውስጡ ጨለማና እንፋሎት ነው፤ ምናልባት መጀመሪያ አላየውም። ምናልባት በአፍንጫው አንድ ጊዜ ስቧል።

ከዚያ ዝተቱ ተናወጠ። ወንድሜ በሁለት እጁ ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ድስቱ ውስጥ ነከረው። ውሃው ሲንቦጫረቅ፣ ከውሃው ውስጥ ሰው ሊጮህ ሲታገል ሰማሁ። የሹምባሹ እግሮች መሬቱን ፈተጉት፤ ጫማው የፈሰሰውን ገብስ እየበተነ ተወራጨ። የተሰበረ ጎኔን ይዤ ተነሳሁና በሙሉ ክብደቴ ወገቡ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከላይ ዝተቱን በሁለት እጇ ደፍታ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ትከሻዋ ጭምር ተጭናዋለች። ያን ጊዜ ነው ጌታዬ ማለቷን የተወችው።

«ሳብ ልጄ!» ብላ ጮኸች፣ ደጅ ያሉት እንዲሰሙ። «በአፍንጫህ ሳብ! ግድ የለም፣ ሲያቃጥል ነው የሚያድን!»

ደጅ ሳቅ ሆነ። «አለቃ፣ አላበዎ?» አለ አንዱ።

«እያላበው ነው!» አለች እናቴ።

ደስ አለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ደስ አለኝ። አባቴን አውድማው ላይ አየሁት፣ የእናቴን ጀርባ አየሁት፤ ድስቱ ጥልቅ በሆነና ፊቱ ይበልጥ በገባ ብዬ ተመኘሁ። በኋላ ግን ከስሬ የነበረው ጀርባ መንፈራገጡን ተወና መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታረደ በግም እንደዚያ ይንቀጠቀጣል። ሰው ላይ እንደተቀመጥኩ ያኔ ገባኝ። አልተነሳሁም። መንቀጥቀጡም እስኪያበቃ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ከዝተቱ ስር ወጣ። እስከ ወገቡ ራቁቱን ነው፣ ላቡ ይንጠባጠባል። እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ የፈላ ውሃ ውስጥ ነበሩ፤ ቆዳቸው እንደ ጓንት ተገፎ ጣቶቹ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድም ጊዜ አልጮኸም። አንድም ጊዜ አልሳለም። ይህን ሁሉ ችሎ፣ አሁን ሊናገረን አፉን ሲከፍት ሳሉ መጣ። አፉን ሊይዝ ቢሞክር እጁ አልታዘዝ አለው። ከሆዱ ስር እየተነሳ ቤቱን እስኪያናጋ ሳለ። አለቅን ብዬ በሩን አየሁ።

«እሰይ!» አለ ደጅ ያለው ባንዳ። «ወጣለት! አክታው ተነቀለ!» ባንዶቹ የሰሙት የአለቃቸውን ሳል መስሏቸዋል። የበግ ሥጋ ሲጠበስ ጢሱ በበሩ ስንጥቅ ይገባ ነበር።

እናቴ ቀድማ ነቃች። ካፖርቱን አንስታ ለወንድሜ በላቡ ላይ አለበሰችው፤ የእጁ ቆዳ እጅጌው ውስጥ ሲገባ ጥርሱን ነከሰ። ጠመንጃውን ለኔ ሰጠችኝ። ጋጣው ጥግ ፍግ የምንጠርግበት ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ገደሉ ነው የሚወጣው። በጎቹ ስለወጡ ጋጣው ባዶ ነው።

«ነይ አንቺ ቀድመሽ ውጪ» አልኳት።

«እኔ አልወጣም» አለችኝ። «የሚታጠን ሰው ድምፅ ካልተሰማ በሩን ይከፍታሉ። ገደሉ ግማሽ ላይ ሳትደርሱ ይተኩሱባችኋል።»

ወንድሜ «ትቼሽ አልሄድም» አለና መሬት ላይ ሊቀመጥ ሲል በጥፊ መታችው። ሰው ገድሎ የተነሳውን፣ ከሷ በአንድ ክንድ የሚረዝመውን ልጅ በጥፊ አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አወለቀችና በራሱ ላይ ጠመጠመችለት፣ አፉንም አፍንጫውንም ሸፈነችለት፤ ከአገጩ ስር ቋጠረችለት።

«ነፋስ እንዳይመታህ» አለችው። ሌላ ስንብት አልነበራትም። ለኔ ደግሞ «ቢገልጠው ምቺው» አለችኝ።

በቀዳዳው ወጣን። ነፋሱ ፊት ለፊት መጣብን፤ ያ የመንዝ ነፋስ፣ ቢላዋ ነው። ወንድሜ ነጠላውን አልገለጠውም። ገደሉን ስንጀምር ከጀርባችን፣ ከግንቡ ድንጋይ መሀል ድምጿ ይሰማን ነበር። ጠጠር ወደ ድስቱ ስትጨምር ሲንተከተክ ሰማሁ። «ሳብ ልጄ» ትላለች፣ ለዚያ ለሞተ ሰውዬ። «አይዞህ ልጄ፣ ሊወጣልህ ነው። በአፍንጫህ ሳብ።» ድምጿ ለኛ ስትናገር ከምታወጣው ይበልጥ ለስላሳ ነበር። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ የተቆረጠው።

እስከ ዋሻው ድረስ አልተኮሱብንም። ያን ያህል ጊዜ አጠነችው። ዋሻው ውስጥ ገብተን ገና እንደተቀመጥን አንድ ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፤ አንድ ያልታጠቀች ባልቴት ለመግደል ያ ሁሉ ጥይት ምን ያደርግላቸዋል? ወንድሜ ሊነሳ ሲል እላዩ ላይ ወደቅኩበት። በተላጡ እጆቹ ገፋኝ፤ ደሙ ልብሴን አራሰው። ነከስኩት። የገዛ ወንድሜን ትከሻ ነክሼ፣ ጥርሴን ቀብሬ፣ ጉልበቱ እስኪያልቅ ያዝኩት። ከዚያ ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ከዋሻው ቤታችን አይታይም። እኔ አልቅሼ አልቅሼ አፍንጫዬ ተደፍኗል፤ ምንም አይሸተኝም። ወንድሜ ነጠላውን ከአፍንጫው ላይ አወረደ። በድንገት ቀና አለ፤ ለስንት ቀን በአፉ ሲተነፍስ የከረመው ሰው በአፍንጫው ስቦ፣ ስቦ፣ ተነፈሰ።

«ምነው?» አልኩት።

«ቤቱን አቃጥለውታል» አለኝ።

«አይታይም እኮ፤ በምን አወቅክ?»

በዚያ በተገፈፈ እጁ አፍንጫውን ለመድፈን ታገለ፤ ጣቶቹ አልዘጋ አሉት።

«ሱፍ ነው የሚሸተኝ» አለኝ። «ዝተቱ እየነደደ ነው።»